ከተማ ያፈላው የሐይቅ ዳር ሻይ

የስኮትላንድን ገጠር ሊጎበኝ የሄደ ሰው ሐይቅ ዳር ካለች ትንሽ ሻይ ቤት ጎራ ብሎ፣ በወተት የተቀየጠ ሻይ እየጠጣ፣ ስኮን የተባለውን ትኩስ ትንሽ ዳቦ ሰንጥቆ ቅቤና ማርማላታ ቀብቶ ካልበላ ጉዞው የተሟላ አይመስለውም። የድንጋዩ ግድግዳ፣ በመስኮት በኩል የሚታየው ተራራ፣ ከጓዳ የሚመጣው የዱቄት ሽታ ተደማምሮ ነገሩን ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ያስመስለዋል። የጉዞ ጽሑፎችም ይህንኑ ይደጋግማሉ። ማስረጃው ግን ሌላ ነው። የሐይቅ ዳር ሻይ ቤት ገጠሩ ጠብቆ ያቆየው ቅርስ አይደለም፤ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፋብሪካ ከተማ ለራሱ ችግር ያበጀውና በኋላ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ ጭኖ ወደ ገጠር ያወጣው ተቋም ነው። ይህን ለማየት ከግላስጎ በስተሰሜን፣ ትሮሳክስ በሚባለው ተራራማ አገር ካለው ከሎክ ካትሪን ሐይቅ የተሻለ ቦታ የለም፤ ከተማውና ሐይቁ እዚያ ቃል በቃል በቧንቧ ተያይዘዋልና። (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ በሐይቆቹ ዳር ለእንግዳ ምን ይቀርብ እንደነበር እንይ። በ1773 እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰንና ወዳጁ ጀምስ ቦዝዌል በሎክ ኔስ ዳር ሲያልፉ ከአንዲት አሮጊት ጎጆ ገብተው ነበር። ሴትዮዋ የፍየል ሥጋ ጥዳ እየቀቀለች አገኟት። በባላገር ደንብ ተቀመጡ አለቻቸው፤ እንዲጠጡ የጋበዘቻቸው ግን ውስኪ ነው። እነሱ ገንዘብ ሰጧት፣ እሷ ደግሞ ሱረት ለመነቻቸው። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1803፣ ዶሮቲ ዎርድስወርዝ ከወንድሟ ከገጣሚው ዊልያምና ከሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ጋር ሎክ ካትሪን ደርሳ በጀልባ ቀዛፊው ቤት አደረች። የጻፈችው የጉዞ ማስታወሻ ለታሪክ ጸሐፊ ውድ ነው፤ የጣሪያው ማገር በጭስ ጠቁሮ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ፣ ከብቶቹም በዚያው ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ ሳይቀር ይነግረናል። የቤቱን እመቤት ስኳር፣ ቅቤ፣ የገብስ ዳቦና ወተት ጠየቀቻት፤ እመቤቲቱም አንድ በአንድ አመጣችላቸው። እንግዶቹ የጠጡት ደግሞ ቡና ነው። እንግዲህ ዛሬ መርከብ ሙሉ ጎብኚ ሻይ በሚጠጣበት በዚያው ሐይቅ ዳር፣ ከ200 ዓመት በፊት እንደ ሻይ ቤት ያለ መስተንግዶ ሲፈለግ የተገኘው ቡናና የገብስ ዳቦ ነበር። ስንዴ የለም፤ ስኮን የለም፤ ሻይም የለም።

ጎብኚው በብዛት መምጣት የጀመረው በ1810 ዋልተር ስኮት “የሐይቋ እመቤት” የተባለውን ረጅም የግጥም ታሪክ ካሳተመ በኋላ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ሎክ ካትሪን ላይ ነው፤ መጽሐፉ በዚያው ዓመት ወደ 20 ሺህ ቅጂ ተሸጧል፤ ያነበበም፣ ሲነበብ የሰማም፣ ሠረገላ መከራየት የሚችል ሁሉ ቦታውን በዓይኑ ለማየት ወደ ትሮሳክስ ጎረፈ። የአካባቢው ሰው ቀዛፊና መንገድ መሪ ሆነ። ገበያው ምን ያህል እንደ ደራ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ፦ በ1843 “ጊፕሲ” የተባለች የመጀመሪያዋ የእንፋሎት ጀልባ ሐይቁ ላይ በዋለች በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ ሌሊት ደብዛዋ ጠፋ፤ የተጠረጠሩትም እንጀራቸውን የነጠቀቻቸው ቀዛፊዎች ነበሩ። ለክርክሬ የሚጠቅመኝ ግን ሌላው ወገን ነው። ከስኮት ግጥም በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሐይቁ ነበር፣ ውበቱ ነበር፣ ገንዘብ የያዘ ጎብኚ ነበር፤ ለእሱ የተሠሩትም እልፍኝ፣ አልጋና ውስኪ ያላቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ነበሩ። ሻይ ቤት ከመልክአ ምድርና ከጎብኚ የሚወለድ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ ይወለድ ነበር። አልተወለደም፤ የጎደለው ከተማው ነበርና።

ከተማው ግላስጎ ነው። በ1801 ወደ 77 ሺህ ሕዝብ የነበረው ይህ ከተማ በ1901 ከ750 ሺህ በላይ ሆኗል። በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረት፣ በመርከብ ሥራና በኬሚካል የበለጸገውን ያህል በውሃ ተቸግሮ ነበር። የሚጠጣው ከክላይድ ወንዝና ከጉድጓድ ሲሆን፣ ሁለቱም የሰው ቆሻሻ ገብቶባቸው ነበር። ኮሌራ በ1832፣ እንደገና በ1848 እና 49፣ ለሦስተኛ ጊዜ በ1853 እና 54 ገብቶ በሁለቱ የኋለኛ ወረርሽኞች በእያንዳንዳቸው ከ3 ሺህ በላይ ሰው ጨረሰ። የከተማው ምክር ቤት መሐንዲሱን ጆን ፍሬዴሪክ ቤትማንን ቀጥሮ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከሎክ ካትሪን ውሃ ለማምጣት ወሰነ። ሥራው ዛሬም ያስደንቃል። ውሃው ያለ ምንም መግፊያ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ፣ በተራራ ውስጥ በተፈለፈለ መሿለኪያና በሸለቆ ላይ በተዘረጋ ቦይ ይወርዳል። ጥቅምት 14 ቀን 1859 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ሐይቁ ድረስ ሄዳ መክፈቻውን አዞረች። በ1866 ኮሌራ አገሪቱን ዳግመኛ ሲመታ ግላስጎ ውስጥ የሞተው ሰው መቶ አልሞላም።

የዚህ ውሃ ጠባይ ከሻይ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሎክ ካትሪን ጠንካራ ድንጋይ ላይ ያረፈ፣ ከዝናብና ከረግረግ የሚሞላ ሐይቅ በመሆኑ ውሃው ኖራ የለበትም። ኖራ የበዛበት ውሃ ሻይን ያደበዝዛል፣ ከላዩም ቅባት የመሰለ ስስ ነገር ያንሳፍፋል፤ የሎክ ካትሪን ውሃ ግን ቅጠሉን ፈጥኖ ያወጣዋል፣ ቀለሙንም ያጠራዋል። የግላስጎ የቤት እመቤቶች መጀመሪያ ያስተዋሉት ሳሙና እንደሚቆጥብላቸው ነበር፤ የሻይ ነጋዴዎች ግን ሌላ ነገር ማስተዋላቸው አይቀርም። ከተማው ውለታውን እንዴት እንደ ቆጠረው ለማየት ኬልቪንግሮቭ መናፈሻ ውስጥ በ1872 የቆመውን ፏፏቴ መመልከት ይበቃል። የተሠራው ለውሃው ሥራ የተጋውን የከተማውን ከንቲባ ሮበርት ስቱዋርትን ለማስታወስ ነው፤ ጫፉ ላይ የቆመችው የነሐስ ምስል ግን የስኮት ግጥም ጀግና፣ የሐይቋ እመቤት ናት። ለቧንቧ ሥራ የቆመ ሐውልት አናቱ ላይ የግጥም ሴት! ግላስጎ ገና ያኔ መገልገያውንና ሕልሙን አንድ ላይ አስሮ ነበር፤ ሻይ ቤቱም የተወለደው ከዚሁ ትስስር ነው።

ውሃው ብቻውን ግን ሻይ ቤት አይከፍትም። የስኮትላንድ ከተሞች የታወቁት በውስኪ ጥማታቸው ነበር፤ ለዚህም መልስ የሰጡት ከመጠጥ የመታቀብ ማኅበሮች ናቸው። ጆን ደንሎፕ በ1829 ግላስጎና ግሪኖክ አካባቢ የጀመረው እንቅስቃሴ በብሪታንያ ከቀደምቶቹ ነው። በ1853 የወጣው የፎርብስ ማኬንዚ ሕግ መጠጥ ቤቶች እሑድ እንዲዘጉ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ እንዳይሸጡ አደረገ። ሕግ መከልከል ይችላል፤ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ መተካት ግን የነጋዴ ሥራ ነው። በ1875 ስቱዋርት ክራንስተን የተባለ የሻይ ነጋዴ ደንበኞቹ ቅጠሉን ከመግዛታቸው በፊት እንዲቀምሱ ይጋብዝ ነበርና፣ ለምን ተቀምጠው ከፍለው አይጠጡም ብሎ በሱቁ ውስጥ ለ16 ሰው ጠረጴዛ ዘረጋ። አንድ ስኒ በ2 ፔኒ፤ ዳቦና ኬክ ለብቻ። እህቱ ኬት ክራንስተን በ1878 በአርጋይል ጎዳና የራሷን ከፈተች፤ በ1903 ደግሞ አርክቴክቱ ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ከወንበሩ እስከ ማንኪያው የነደፈላትን ዊሎ ሻይ ቤት በሶኪሆል ጎዳና አስመረቀች። ቤተሰቡ ለነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ ዘመዳቸው ሮበርት ክራንስተን መጠጥ የማይሸጥባቸው ሆቴሎች ባለቤት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፦ ሴቶች። የተከበረች የምትባል ሴት መጠጥ ቤት ገብታ መቀመጥ አትችልም ነበር። ገበያ የወጣች እናት፣ በጽሕፈት ቤት የተቀጠረች ወጣት፣ በከተማው መሐል ምሳ የምትበላበት፣ ሌላው ቀርቶ እጇን የምትታጠብበት ቦታ አልነበራትም። ሻይ ቤቱ ያንን ሰጣት። አስተናጋጆቹም ሴቶች፣ ባለቤቷም ሴት። በእኔ ግምት የሻይ ቤቱን ዕድሜ ያረዘመው የመጠጥ ተቃዋሚዎች ስብከት ሳይሆን ይህ ነው፤ የማኅበሮቹ ግለት በረደ፣ ሴቶቹ ግን ደንበኞች ሆነው ቀሩ። አንዲት ሴት ከእህቷ ጋር ያለ ወንድ አጃቢ ተቀምጣ የምትበላበት ቤት በከተማ ከለመደች፣ ሐይቅ ልታይ ስትወጣም ያንኑ ዓይነት ቤት መፈለጓ አይቀርም።

ስለ ቅጠሉም ትንሽ እንበል። ሻይ በስኮትላንድ የድሀ መጠጥ ከመሆኑ በፊት የክርክር ርዕስ ነበር። የካሎደኑ ዳኛ ደንካን ፎርብስ በ1744 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተራው ሕዝብ ሻይ መጠጣቱ የቢራ ገብስን ቀረጥ እየገደለ ነው ብሎ አምርሮ ወቅሷል። ቀረጡ በ1784 ከ119 ከመቶ ወደ 12.5 ከመቶ ወረደ፤ ኋላ በጦርነት ጊዜ ቢያሻቅብም በ1865 በአንድ ፓውንድ ክብደት 6 ፔኒ ብቻ ሆነ። ከዚያ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) መጣች። እዚያ የነበሩት እንግሊዛውያንና ስኮትላንዳውያን ተክለው የከበሩት በሻይ ሳይሆን በቡና፣ ያውም ሥሩ ከእኛ ጫካ በሆነው የአረቢካ ዝርያ ነበር። በ1869 የታየው የቅጠል ዋግ እርሻውን ጠራርጎ አጠፋው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጄምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሉልኮንዴራ በተባለ ቦታ የተከለው ሻይ ተተኪ ሆነ፤ በ1890 ደግሞ የግላስጎው ባለ ሱቅ ቶማስ ሊፕተን የሲሎን እርሻዎችን ገዝቶ ሻዩን በርካሽ አከፋፈለ። በ1803 በሎክ ካትሪን የተጠጣው ቡና ለሻይ ቦታ የለቀቀው በስኮትላንዳውያን ምርጫ ብቻ ሳይሆን በአንድ የዛፍ በሽታም ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ስኮኑ እንምጣ፤ ጠንካራው ተቃውሞ የሚነሳው እዚህ ነው። “ሻይ ቤቱ ይቅር፣ ስኮን ግን የገጠር ምግብ ነው፤ ስሙም ቢሆን ገጣሚው ጋቪን ዳግላስ በ1513 ጨርሶ ባቀረበው የ‘ኤኔይድ’ ትርጉም ውስጥ ይገኛል” የሚል ሰው ትክክል ነው። ጥያቄው ያ ስኮን ምን ይመስል ነበር ነው። የስኮትላንድ ገበሬ ቤት የዳቦ ምድጃ አልነበረውም፤ የነበረው ከእሳት በላይ በሰንሰለት የሚንጠለጠል የብረት ምጣድ ነው። የዚህ ምጣድ ሥራ የታወቀ ሙያ ስለነበር፣ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ በ1599 ብቸኛ የመሥራት መብቱን በፋይፍ ለምትገኘው ለኩሮስ ከተማ አንጥረኞች ሰጥቷል። በምጣዱ የሚጋገረው ከአጃ ወይም ከገብስ የተቦካ፣ እንደ ቂጣ ስስ፣ ክብ ሆኖ በአራት የሚቆረጥ ነገር ነው። ለሥራ የሚያጠግብ፣ ጥርስ የሚፈትን። አንባቢ የእኛን ቂጣ ቢያስብ ዛሬ በሻይ ቤት ከሚቀርበው ለስላሳ ስኮን ይልቅ ለጥንቱ ይቀርባል።

ያ ቂጣ ኩፍ ብሎ ወደ ላይ እንዲነሳ ሦስት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ሦስቱም ከገጠር የመጡ አይደሉም። አንደኛው ስንዴ ነው። እርጥቡ የስኮትላንድ ደጋ ለአጃና ለገብስ እንጂ ለስንዴ አይመችም። የእህል ገቢ ቀረጥ በ1846 ከተሻረና ከ1870ዎቹ ጀምሮ የሰሜን አሜሪካ ስንዴ በእንፋሎት መርከብ መጉረፍ ከጀመረ በኋላ ነው ነጭ ዱቄት በየቤቱ የገባው። ሁለተኛው ማስነሻው ነው። እርሾ ጊዜና ሞቅ ያለ ስፍራ ይፈልጋል፤ ቤኪንግ ሶዳ ግን ከአሬራ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ጋዝ ይፈጥራል፣ ሊጡ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ያ ጋዝ ይነፋዋል። አሬራው ከላሟ ነው፤ ሶዳው ከፋብሪካ። በግላስጎ የነበረው የቴናንት ቤተሰብ ሴንት ሮሎክስ ኬሚካል ፋብሪካ፣ ከ1842 ጀምሮ ከ130 ሜትር በላይ ከሚረዝመው የጭስ ማውጫው ሥር፣ ለሳሙናና ለጨርቅ ሥራ ሶዳ በብዛት ያመርት ነበር፤ በጓዳ ያለችው ትንሽ የሶዳ ቆርቆሮ የዚሁ ኢንዱስትሪ ቅርንጫፍ ናት። በ1843 አልፍሬድ በርድ በበርሚንግሃም ቤኪንግ ፓውደርን ሲሠራ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ። ሦስተኛው እንደ ፎልከርክ ካሉ ከተሞች የብረት ማቅለጫዎች የወጣው የከሰል ምድጃ ነው፤ ከላይም ከታችም የሚያበስል። በዚያ ላይ የስኳር ቀረጥ በ1874 ጨርሶ በመነሣቱ ማርማላታው ረከሰ። ስለዚህ የ1513ቱ ስኮንና የሻይ ቤቱ ስኮን የሚጋሩት ስም እንጂ እህል፣ ማስነሻም ሆነ ማብሰያ አይደለም።

ሁሉም ተሟልቶ ሲያበቃ ወደ ሐይቁ የወሰደው መንገዱ ነው። ባቡር ለትሮሳክስ ቅርብ ወደሆኑት ከተሞች፣ ወደ ካላንደር በ1858፣ ወደ አበርፎይል በ1882 ደረሰ። በሠረገላ ሁለት ቀን የሚፈጀው ጉዞ የአንድ ቀን ሽርሽር ሆነ፤ ማደር የማይፈልግ፣ ስለዚህም አልጋና እራት የማያሻው፣ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ አንድ ትኩስ ነገር የሚፈልግ መንገደኛ ተፈጠረ። የእንግዳ ማረፊያዎቹ ሊያስተናግዱት ያልተዘጋጁለት ሰው ይህ ነው። “ሰር ዋልተር ስኮት” የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በደምባርተን በዴኒ ወንድማማቾች ተሠርታ በ1899 ወደ ሐይቁ የመጣችበት መንገድ ራሱ ነገሩን ይናገራል፦ ተፈታታ፣ በሎክ ሎሞንድ በጀልባ እስከ ኢንቨርስኔድ፣ ከዚያ በፈረስ ጋሪ ዳገቱን ወጥታ ስትሮናክላካር ላይ ዳግም ተገጣጠመች። በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ጀመረች። እሷ የምታወርዳቸው መንገደኞች በግላስጎ የለመዱትን ሻይ ቤት መርከቧ በምትቆምባቸው በሁለቱ መሳፈሪያዎች መፈለጋቸው ነው ዛሬ የምናየውን የዘራው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው “ለንደንስ?” የሚል ነው። ኤሬትድ ብሬድ የተባለው ኩባንያ በ1864 በለንደን ሻይ መሸጥ ጀምሯል፤ የቤድፎርድ ዱቼስም በ1840ዎቹ የከሰዓት በኋላ ሻይን እንደ ፈጠረች ይተረካል። ቀዳሚነቱን ለለንደን መልቀቅ ክርክሬን አይጎዳውም፤ ለንደንም ከተማ ነውና። የዱቼሷ ወግ ግን ለስኮትላንድ የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው፤ የግላስጎ ሻይ ቤት ከቤተ መንግሥት ሳሎን ወርዶ ሳይሆን ከሱቅ ጠረጴዛ ተነሥቶ ያደገ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ “የደጋው ሰው እንግዳ ተቀባይነትስ? ጆንሰን ራሱ የስኮትላንድን ቁርስ፣ ሻዩንና ማርማላታውን ጨምሮ፣ አሞግሶ የለም?” አሞግሷል፤ ያሞገሰው ግን በባለ ርስቶች ቤት የበላውን ነው። በሎክ ኔሷ አሮጊት ጎጆ ያገኘው ውስኪ ነበር። መስተንግዶው እውነት ነው፣ ጥንታዊም ነው፤ በዋጋ ዝርዝር የሚሸጥ ሆኖ የተደራጀው ግን በከተማ ደንብ ነው።

ይህ ማለት ገጠሩ ምንም አላበረከተም ማለት አይደለም። ከፍሏልም። ከተማው ውሃው እንዲበዛለት ሐይቁን በየጊዜው ከፍ ሲያደርገው፣ ስኮት የዘመረለትና ጎብኚ ሁሉ ሊያየው የሚመጣው “የብር አሸዋ” የተባለው ዳርቻ ውሃ ውስጥ ሰጠመ። ውሃው እንዳይበከልም በዙሪያው የነበረው ኑሮና እርባታ እየተገደበ ሄደ። ከሻይ ቤቱ መስኮት የሚታየው ጸጥተኛ፣ ሰው አልባ ተራራ ተፈጥሮ ብቻ የሠራው አይደለም፤ የከተማ ውሃ ድርጅት ውሳኔም አለበት። በሌላ በኩል በ1917 በሎንግኒድሪ የተጀመረው የስኮትላንድ ገጠር ሴቶች ማኅበር በየመንደሩ የዳቦና የስኮን ውድድር እያዘጋጀ፣ ሶዳውና ነጭ ዱቄቱ ከመጡ ገና ሁለት ትውልድ ያልሞላውን ስኮን የገጠር ሴት ሙያ መለኪያ አደረገው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል መኪናና ብስክሌት የያዘው የከተማ ሰው ሲበዛ፣ የገበሬ ሚስቶች በራሳቸው ሳሎን ሻይ ሸጠው የእጃቸውን ገንዘብ አገኙ። ከከተማ የመጣውን ነገር የራሳቸው ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ “የአያቴ አሠራር” ተብሎ የሚቀርበው ስኮን በእውነትም የአያት ነው፣ የቅድመ አያት ቅድመ አያት ግን አይደለም። የከተማውና የሐይቁ ትስስር ግን አልተቋረጠም፤ መርከቧ “ሰር ዋልተር ስኮት”ም ብትሆን ዘይት ሐይቁ ውስጥ እንዳይፈስ ተብሎ ወደ ናፍጣ ሳትቀየር በከሰል ዘር ማገዶ እስከ 2007 ሠርታለች፤ ግላስጎ ዛሬም የሚጠጣው ይህንኑ ውሃ ነውና።